«405 ትሄዳለች»፣ ግን እስከ የት?

አጎቴ በሬ ሲገዛ አይቸኩልም። በፍኖተ ሰላም የከብት ገበያ በሬውን መጀመሪያ ከሩቅ ያየዋል። ቀጥሎ ይጠጋና አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀንበር ለምዷል? በቀኝ ነው በግራ የሚጠመደው? ሰው ይወጋል? ሻጩ ለሁሉም መልስ አለው። ይዋሽ ይሆናል፤ ሲዋሽ ግን በሬውን እያወቀ ነው።

ይኸው ሰው ባለፈው ሚያዝያ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመኪና መሸጫ ገብቶ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ሲል አብሬው ነበርኩ። እህል ነጋዴ ነው። አሮጌ ቶዮታውን ለማንቀሳቀስ ማደያ ላይ ሲሰለፍ፣ ሰልፉ አልሆን ሲል በጀሪካን ከየጓዳው በጥቁር ገበያ ዋጋ ሲገዛ ከርሞ ተማሯል። «ጀሪካን የያዘ ጎረምሳ አለቃዬ ሆነ» ይላል። መንግሥት ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ያለው ምርጫም ያው የኤሌክትሪኩ ነው።

«ይቺ ቢዋይዲ ሲጋል ናት አባቴ። ፉል ቻርጅ ካደረጓት 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለ ሻጩ፤ ሸሚዙን የተኮሰ ትሑት ወጣት።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «ከዚህ ፍኖተ ሰላም ስንት ነው?» አለኝ። 385 ገደማ መሆኑን ነገርኩት።

«ሃያ ይተርፈኛላ!»

«አዎ አባቴ፣ እንዲያውም ከዚያም በላይ ይተርፍዎታል።»

እዚያች «እንዲያውም» ላይ ነው እኔ የነቃሁት።

የ405 ቁጥር ውሸት አይደለም። የተለካው ግን ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና የሙከራ ዘዴ ነው። በዚያ ሙከራ የመኪናዋ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ አልተጫነባትም፤ የአባይ በረሃንም አላየችም። በአገር አቋራጭ መንገድ ከዚህ ቁጥር ላይ ሩቡን፣ አንዳንዴም ከሩብ በላይ ቀንሶ ማሰብ ይበጃል። ያኔ 405 ወደ 300 ይወርዳል። 300 ደግሞ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ያውም የመጨረሻዋን ጠብታ ጨርሶ። ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ገና 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።

በረሃውን ደግሞ እንየው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ከድልድዩ እስከ ደጀን የሚወጣው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ሰው ጭና አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን መኪና ያን ያህል ሽቅብ ስትወጣ፣ የራሷን ክብደት ለማንሣት ብቻ ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ትጨርሳለች። የሲጋል ትልቁ ባትሪ የሚይዘው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መንገዱ ራሱ የሚፈልገው ሲደመርበት፣ ደጀን ስትደርስ የባትሪው አንድ አምስተኛ ገደማ አልቋል። ለሃያ ኪሎ ሜትር መንገድ!

ቁልቁለቱ ግን የበላውን በከፊል ይመልሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ስትወርድ ሞተሯ ተገልብጦ እንደ ጄኔሬተር ይሠራና ባትሪውን ይሞላል። ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ሾፌር በረሃው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ይህ ጉዳት ብቻ ነው። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ሞተሩ መሙላቱን ያቆማል፤ የሚገኘው ኃይል ይባክናል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፍና ፍሬኑ ይግላል። ጎሃ ጽዮን ላይ መቶ በመቶ የሞላ ባትሪ ይዞ ቁልቁለቱን የሚጀምርም ሰው እንዲሁ ትርፉን አያገኝም። የሞላ እንስራ ውኃ አይጨመርበትም።

ይህን ይዤ ነው ልጁን መጠየቅ የጀመርኩት። «ስትወርድ ባትሪ ትሞላለች?» አልኩት። «አይ፣ መሰካት አለባት» አለኝ። ይህ መልስ የገዛ ዕቃውን ምርጥ ጠባይ መካድ ነው። ጎጃሜ ገዢ ፊቱ ቆሞ፣ ቁልቁለት የምትወርድ መኪና ራሷን እንደምትሞላ ቢነግረው ኖሮ አጎቴ የዚያኑ ቀን ቀብድ ይከፍል ነበር። «መንገድ ላይ ቻርጅ የት የት አለ?» ስለው «አዲስ አበባ ሞልቷል» አለ። «ባትሪዋ ምን ዓይነት ነው?» «ኦሪጅናል።» «ዋስትናስ?» «ስምንት ዓመት አላት።» «የሚሰጠው ማን ነው?» «ካምፓኒው።» የትኛው ካምፓኒ እንደሆነ ስጠይቅ ወደ አለቃው ክፍል አየት አደረገ።

የባትሪው ዓይነትና የዋስትናው ጥያቄዎች ገንዘብ ናቸው። ብረትና ፎስፌት ያለበት የሊቲየም ባትሪ፣ ቢዋይዲ የሚጠቀምበት ዓይነት፣ መቶ በመቶ ሲሞላ ብዙም አይጎዳም። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ዓይነት ግን ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። ዓይነቱን ያልተነገረው ገዢ ባትሪውን ሳያውቅ ያስረጀዋል፣ ወይም ያለምክንያት ሲሰስትለት ይኖራል። ዋስትናውም እንዲሁ ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ይሰጣሉ፤ መኪናው የገባው ግን በአምራቹ ወኪል ሳይሆን ከቻይና ገበያ ገዝቶ ባመጣ ነጋዴ በኩል ከሆነ፣ ያ ወረቀት ፍኖተ ሰላም ላይ ማን ፊት ይቀርባል?

ልጁን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እሱ የሚከፈለው ለሸጠበት ኮሚሽን ነው፤ ያሠለጠነው ሰው የለም፤ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍም በቻይንኛ ነው። ፖሊሲው ከሥልጠናው ቀድሞ ሄዷል። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይስ ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ ጉምሩክ ሲወስን፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው ዜሮ አደረገው። ከዚያ እገዳው መጣ። አስመጪው ዕድሉን አይቶ ገባ፤ ትናንት ሌላ ዕቃ ይሸጥ የነበረ ሱቅ ዛሬ መስታወቱን ወልውሎ መኪና ደረደረ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሻጩ ምን ማወቅ አለበት ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

እኛም ገዢዎቹ የምንሻል አይደለንም። ባሕር ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ዝናብ ሲመታት ሰው ትጨብጣለች። ጎርፍ ከነካት ትፈነዳለች። ባትሪዋ በሁለት ዓመት ይሞታል። ይህን አጥብቆ የሚከራከረው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ አንድም ቀን አልተቀመጠም፤ እርግጠኛነቱ ግን ያስቀናል። የባትሪው ሣጥን ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የታሸገ ነው። በአንጻሩ እውነተኛው ችግር ማንም አያነሳውም። አንድ ወዳጄ ያገለገለች መኪና ገዝቶ፣ አንድ ጠዋት በሩ አልከፈት አለው። ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሞልቷል፤ መኪናዋ ግን ሬሳ ናት። ሦስት ቀን ቆማ፣ በሦስተኛው ቀን የአንድ ባጃጅ ልጅ መጥቶ «ትንሿ ባትሪ ሞታለች» አለ። እውነቱን ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ማንኛውም መኪና የ12 ቮልት ባትሪ አላት፤ በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ሻጩ «ባትሪ መቀየር ብሎ ነገር የለም» ብሎት ነበር።

ሻጮች የማይናገሩት ሌላም አለ፤ ይህኛው ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የጮቄን ጀርባ የሚወጣ አሮጌ መኪና ለምን እንደሚያቃስት ከዚህ ይገባናል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ደጋው ላይም ቆላውም ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ለጎጃም መንገድ የተሠራች እስክትመስል ድረስ የምትመች መኪና፣ ይህን በማያውቅ አፍ «ስክሪኗ ይሽከረከራል» ተብላ ትሸጣለች።

ኃይሉም ቢሆን ከደጃችን ነው። ጥስ ዓባይ ከ1956 ጀምሮ መብራት ሰጥቷል፤ ከጣና ውኃ የሚወስደው ጣና በለስ በ2002 ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ነው። የጎጃም ሰው ግን ማታ ሻማ ለኩሶ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ግድቡ ሌላ፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ሌላ።

ለዚህ ነው ሻጩ ከሁሉ በፊት ስለ ቤቱ መስመር መጠየቅ የነበረበት። ተራ ሶኬት ላይ በ10 አምፔር ቻርጅ ማድረግ 2.2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ባዶውን የሲጋል ትልቁን ባትሪ ለመሙላት 18 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በ32 አምፔር መስመር ስድስት ሰዓት ይበቃ ነበር፤ ያን ያህል የሚሸከም ቆጣሪና ሽቦ ያለው ቤት ግን ስንት ነው? ምጣድ፣ ውኃ ማሞቂያና መኪና አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ብሬከሩ ካልወረደ ደግሞ ሽቦው ይቀልጣል፣ እሱ የባሰ ነው። ኤክስቴንሽን ጠቅልሎ ሌሊቱን ሙሉ መኪና መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። የመሬት መስመር የሌለው ቤት ላይ ደግሞ አንዳንድ ቻርጀር ጨርሶ አልሞላም ይላል፤ ገዢው መኪናው ተበላሸ ብሎ ገራዥ ይጎትታል።

መንግሥት ለአስመጪ ፈቃድ ሲሰጥ የሻጭ ሥልጠናን ግዴታ ቢያደርግ ማን ይጎዳል? ባሕር ዳር ውስጥ ከ1955 ጀምሮ ቴክኒክ ሲያስተምር የኖረ ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የሁለት ሳምንት ኮርስ ለመስጠት አቅሙ አያንሰውም። መኪናዋ መስታወት ላይ ከሚለጠፈው 405 ጎንም «አዲስ አበባ - ደብረ ማርቆስ፣ አራት ሰው ጭና፣ ይህን ያህል ይተርፋታል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ሾፌርና አንድ ቀን ይበቃል። አስመጪዎች ይህን እስካሁን አለማድረጋቸው ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አጎቴ የዚያን ቀን አልገዛም። በአውቶቡስ ተመልሶ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፤ የቤቱን ብሬከር በባትሪ መብራት አብርቶ አንስቶታል፤ ጣቱም ከነአቧራው ቁጥሩ ላይ ተደግኗል። «ይቺ ትችላታለች ወይ? ያን ልጅ ጠይቅልኝ» ይላል። ለልጁ ላክሁለት። «ቆይ ጠይቄ ልደውልልህ» አለኝ፤ አይደውልም ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ቀን ደወለ። የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ፎቶውን አሳይቶ ጠይቆታል። ሽቦው መቀየር እንዳለበት፣ ወፍራም መስመር ከቆጣሪው በቀጥታ ለብቻው መዘርጋት እንዳለበት፣ የመሬት ሽቦም እንደሚያስፈልግ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ የሚያነብ ይመስላል። ሲጨርስ ትንሽ ዝም አለና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ያቺ ስትወርድ የምትሞላው ነገርም እውነት ነው። ከሰው ጋር እንጦጦ ወጥቼ ሞከርኳት» አለኝ።