ጭድ ሸጦ ማዳበሪያ መግዛት

ጥር ሲገባ የአዳማ መግቢያና መውጫ በጭድ ይጨናነቃል። የአርሲው የስንዴ ጭድ በማሽን ተጠቅልሎና ታስሮ፣ የቦሰትና የሉሜ የጤፍ ጭድ ደግሞ አይሱዙ ላይ ከጋቢናው በላይ ተከምሮ፣ በገመድ ተጠፍሮ ያልፋል። ከኋላ የተከተለ የባጃጅ ሹፌር ዓይኑን እያሸ ይራገማል። ገሚሱ እዚሁ ከተማችን ለወተት ላሞችና ለጭቃ ቤት ይራገፋል፤ የቀረው ወደ ሞጆ፣ ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ይቀጥላል።

ስለ አፈር በተነሳ ቁጥር የምንጨቃጨቀው ስለ ማዳበሪያ ነው። ደረሰ፣ አልደረሰም፣ ዋጋው ናረ፣ ደላላ ገባበት። ከማሳው ተጭኖ ስለሚወጣው ግን ሲወራ አልሰማም። በእኔ ግምት በአዳማ ዙሪያ መሬቱን የጎዳው ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ከተማው ከገጠሩ የሚወስደው ብዙ፣ የሚመልሰው ግን ምንም።

ወለንጪቲ አካባቢ ጭዳቸውን የሚያስጭኑ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ጥቂቱን እንኳ ለመሬቱ ለምን እንደማይተዉ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጭዱን ካልሸጥኩ ማዳበሪያውን በምን ልገዛ ነው?» አሉኝ። በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እሸጥ ነበር። ነገር ግን ሒሳቡን ቀረብ ብለን እንየው።

እህል ከአፈር ከሚስበው ፖታሲየም ከተባለው ንጥረ ነገር አብዛኛው የሚቀረው ጭዱ ላይ ነው፤ ወደ ፍሬው የሚገባው ጥቂቱ ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ በክብደት ከፍሬው ይበልጣል። ገበሬው ይህን አስጭኖ በገንዘቡ የሚገዛው ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በመቶኛ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው። ዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ሁለቱም ፖታሲየም የሚባል ነገር የለባቸውም። ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይቸግረውም ሲባል ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ ግን በብዙ ወረዳዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ፣ በአንዳንድ ቦታም ፖታሲየም ማነሱን አሳይቷል። እውነቱን ለመናገር የእኛ የስምጥ ሸለቆ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ በመሆኑ በፖታሲየም ከደጋው የተሻለ ነው። ከተቀማጭ እያወጣን ስለምንበላ ጉድለቱ ገና አልተሰማንም።

ከዚህ የባሰው የብስባሹ፣ ማለትም አፈር ውስጥ በስብሶ የሚቀረው የተክልና የፍግ ቅሪት ጉዳይ ነው። በአዳማ ዙሪያ ያለው አፈር ቀላልና አሸዋ የበዛበት ነው፤ ውሃም ሆነ ማዳበሪያ የሚይዝለት በውስጡ ያለው ብስባሽ ነው። ጭዱ ይሸጣል፣ የቀረው ቃርሚያ በከብት ይጋጣል፣ ኩበቱ ተለቅሞ ምጣድ ሥር ይነዳል። በዚያ ላይ ለጤፍ ሲባል መሬቱ ከገመሳው ጀምሮ አራትና አምስት ጊዜ ይገለበጣል፤ በተገለበጠ ቁጥር አየር ይገባዋል፣ ያለችውም ብስባሽ ቶሎ ታልቃለች። እንዲህ ያለ አፈር ዝናብ ሲመታው ላዩ እንደ ቂጣ ይደርቅና ውሃው ሳይሰርግ ይሸሻል። ዩሪያውም ደረቅ አፈር ላይ ተበትኖ ዝናቡ ከዘገየ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል። ገበሬዎች «ማዳበሪያው አቃጠለብን» ሲሉ የግብርና ባለሙያው የአጠቃቀም ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ነገር ግን እርጥበት መያዝ በማይችል መሬት ላይ ያው ምክር በየዓመቱ ቢደገም ምን ይረባል?

የአዳማን ነፋስ ማንም ያውቀዋል። ኮረብቶቹ ላይ የተተከሉት የአዳማ አንድና አዳማ ሁለት ተርባይኖች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተሰጣቸው በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ ነው በበጋ የተራቆተውን ማሳ እያነሳ ቡና የምንጠጣበት በረንዳ ላይ የሚያለብሰን። ክረምት ሲመጣ ተራው የጎርፍ ነው፤ ከተማዋ ጎድጓዳ ላይ ስለተቀመጠች ከዙሪያዋ ተዳፋት የሚወርደው ደለል በየሰፈሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተገነባው የቆቃ ግድብም ከላይኛው አዋሽ በሚመጣ ደለል ውሃ የሚይዝበትን ቦታ በብዙ አጥቷል። የመስኖና የኤሌክትሪክ ሰዎች ስለ ግድቡ ሲሰበሰቡ ጭድ የሚል ቃል የሚያነሱ አይመስለኝም።

ቦሎቄንም እንውሰድ። ከእኛ ብዙ የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አዋሽ አንድ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ገበሬውም ጥራጥሬ መሬትን ያለማል ተብሎ ተመክሯል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ቦሎቄ ከባቄላ ያነሰ ቢሆንም ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል። ግን አዝመራው ሲደርስ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል፣ አውድማ ላይ ይከመራል፣ ተወቅቶ ገለባው ለከብት ይሄዳል። ማሳው ላይ የሚቀረው የረገፈ ቅጠልና ተበጥሶ የቀረ ሥር ነው። ሥሩን ትቶ ከላይ በማጭድ ማጨድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጉልበት ይጠይቃል፣ ወገብም ያማል፣ ስለዚህ ማንም አያደርገውም። ለዚህች ሥራ የምትመች ቀላል መሣሪያ የሚሠራ ቢገኝ ከስንት ሥልጠና በበለጠች ነበር።

ከወዲያ ደግሞ ኮምፖስትን እንደ ፈውስ የሚሰብኩልን አሉ። በየቀበሌው ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የትል ኮምፖስት ተዘጋጀ እየተባለ ሪፖርት ይደረጋል። እኔ በዚህ ዘመቻ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚሰጠውን 46 ኪሎ ናይትሮጅን ለማግኘት ብዙ ቶን ኮምፖስት ያስፈልጋል፤ ይህንን በአህያ ጋሪ ማሳ ድረስ ማድረስ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስሪላንካ የኬሚካል ማዳበሪያ ባንድ ጊዜ ከልክላ ሩዟ ሲወድቅባት በወራት ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሳለች። ዩሪያው ይቅር የሚል ሰው የሌላውን እንጀራ እየቆረሰ ነው። ኮምፖስትና ፍግ የሚያስፈልጉት ዩሪያውን የሚይዝ አፈር እንዲኖር ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካም ቢደርስ የሚያመርተው ዩሪያ ነው። ብስባሽ በፋብሪካ አይመረትም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? ከተማው ውስጥ ተትረፍርፏል። የአዳማ ወተት አምራቾች የገጠሩን ጭድ በውድ ይገዛሉ፤ ከላሟ የሚወጣው ፍግ ግን መድረሻ አጥቶ በየቦዩ ይፈስሳል፣ ጎረቤትም ይከሳቸዋል። የእርድ ቤቱ ፈርስ አለ። ገበያው ላይ የጎመን ቅጠል፣ የፈረጠ ቲማቲምና የሽንኩርት ልጣጭ፣ በየጫት ቤቱ ደግሞ ገረባው ይከመራል። ይህን ሁሉ ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ደባልቀን እንጥላለን። ከተደባለቀ በኋላ ማንም ገበሬ ማሳው ላይ አይደፋውም፤ ልክ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ቆሻሻው ቀድሞውኑ ካልተደባለቀበት ቦታ፣ ከከብት ማድለቢያውና ከወተት ግቢው ነው።

ማጓጓዣውም ቢሆን አለ። ጭድ አራግፎ ወደ ቦሰት የሚመለስ አይሱዙ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው። በመጫኛና በማውረጃ ወጪ፣ በጥቂት ነዳጅም፣ የበሰበሰ ፍግ ይዞ ቢመለስ ሹፌሩም ገበሬውም ይጠቀማሉ። እርጥብ ፍግ ከባድ ስለሆነ ጥቂት ሳምንት ተከምሮ መብሰልና መድረቅ ይኖርበታል፤ ለዚህ ከተማ አስተዳደሩ በመውጫዎቹ ላይ ትንሽ ትንሽ መሬት መስጠት ይችላል። ማሳው ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ ግን ያለ ድጋፍ አያዋጣም፤ ይህንንም መሸፈን የለብንም። መንግሥት ለማዳበሪያ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ይደጉማል፤ ከዚያ ላይ ጥቂቷን ለፍግ ጭነት ቢያውል የሚጎዳ የለም።

የተከራየ መሬት ግን በዚህ ብቻ አይድንም። በአዋሽ ዳርና በቆቃ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ተከራይ ብዙ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ወቅት ነው የሚዋዋለው። ፍግ ጨምሮ ጥቅሙን ሌላ ሰው እንዲያጭደው አይፈልግም፤ ማንም አይፈልግም። ባለይዞታው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የሚረከበው በመድኃኒትና በዩሪያ የተንገላታ ማሳ ነው። ቀበሌ የሚመዘግባቸው ውሎች ላይ የኪራይ ጊዜው ቢያንስ ሦስት ዓመት ከሆነ የኪራዩ ዋጋ የሚቀንስበት፣ ተከራዩም በየዓመቱ ይህን ያህል ጋሪ ፍግ እንዲያገባ የሚያስገድድ አንቀጽ ቢገባ፣ ጋሪውን የሚቆጥረው ባለይዞታው ራሱ ነው፤ ማሳው ዳር ስለሚኖር ሌላ ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም።