ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ግራጫው ሽኮኮ

ለክቡር ግራጫው ሽኮኮ
ካሉበት የኦክ ዛፍ

ጉዳዩ፦ የሐሰት ቀብርን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፦ ይህን የምጽፈው የለውዝ ከረጢቴን ነጥቀው ከወጡበት ቅርንጫፍ ሥር ቆሜ ነው። ባለ ጎፈሬ ጭራ የዛፍ ነዋሪ ሆነው ሳለ፣ ስምዎን ጭራ ከሌለው ከዓለቱ ሽኮኮ መዋስዎን እንኳ ችዬ አልፌዋለሁ።

ትናንት ያደረጉትን ግን አይቻለሁ። አንድ የኦክ ፍሬ በጥርስዎ ይዘው ወረዱ። ግራ ቀኝ አዩ፤ አፈሩን ጫሩ፤ የከተቱ መስለው ጉድጓዱን ደፈኑ፤ በሁለት እጅዎ መታ መታ አድርገው ቅጠል አለበሱት። ፍሬው ግን ከአፍዎ አልወጣም። ሌላ ሽኮኮ ሲያይዎት ባዶ ጉድጓድ መድፈን የወገንዎ ሁሉ ልማድ ነው አሉ። የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ ሕንፃውን የሚረሳ ሹም አውቃለሁ፤ ድንጋዩን በአፉ ይዞ የሚሄድ ግን ገና አላየሁም።

እውነተኛው ቀብርዎስ? መሬት እንደነካ ለመብቀል የሚቸኩል የኦክ ፍሬ ሲያገኙ፣ ጫፉን ነክሰው ፅንሱን አውጥተው ነው የሚቀብሩት። ረስተውት የበቀለ ሲገኝ ደግሞ «ደን አልሚ» ተብለው ይወደሳሉ! መርሳት የሚያሸልም ከሆነ፣ የቤቴን ቁልፍ በጣልሁበት ቦታ ሁሉ ሐውልት ይገባኛል። ጄይ የተባለችው ወፍም የኦክ ፍሬ ትቀብራለች፤ እርስዎ ግን የምክትልነቱን ወንበር እንኳ ነፍገዋታል።

ያ ችግኝ እንደ ምንም ጎልምሶ ግንድ ሲያወጣ ተመልሰው ቅርፊቱን ይልጡታል። ዙሪያውን ከተላጠ ከዚያ በላይ ያለው ይደርቃል። የሚያሳድጉትን ዛፍ መግፈፍ ምን ዓይነት ልማት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1876 ከሰሜን አሜሪካ መጥተው እንግሊዝ ውስጥ በሄንበሪ ፓርክ የተለቀቁት ዘመዶችዎም ለጌጥ ነበር የታሰቡት። ዛሬ ቀዩ ሽኮኮ ከአብዛኛው የእንግሊዝ ምድር ጠፍቷል። እናንተን እምብዛም የማይጎዳው፣ እናንተ ግን የምታዛምቱት የሽኮኮ ፈንጣጣ ቫይረስ እሱን ይገድለዋል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤቱን ማስወጣት ይሏል ይህ ነው።

ስለዚህ ከረጢቴን፣ ባዶውንም ቢሆን፣ እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለውዙን የት እንደቀበሩት ለመጠየቅ አልደፍርም፤ እርስዎም አያስታውሱትም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለግንደ ቆርቁር፣ ጎጆውን ላስለቀቁት
ለጄይ ወፍ
ለባዶው ጉድጓድ፣ እንዲያውቀው