ማንም የማያጠጣው ጫካ

ክረምቱ ሊገባ አካባቢ የእህቴን ልጅ ይዤ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ዛፍ ሲባል በአስፋልት ዳር በቦቴ የሚጠጣው ችግኝ ትዝ የሚላት ልጅ ናት። በሰበታ በኩል ገብተን ጥዱ መሃል ስንደርስ ቀና ብላ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ማነው የሚያጠጣው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ማታ ቤት ስገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

እኛ መትከል እንወዳለን። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እያልን ወጥተናል። እኔም ቆፍሬያለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ። ክፋት የለውም። የሚያሳስበኝ፣ የቆመውን ጫካ እንደ ባዶ ቦታ ማየት መልመዳችን ነው። ሰው ሱባን ያይና «እዚህ ጋ አንድ ሎጅ ቢሠራ!» ይላል። አብሮን የሄደው ጓደኛዬ ራሱ መኪናው ሳይቆም ነው ያላት።

ቆይተን አንድ የወደቀ ጥድ ላይ ተቀመጥን። ቅርፊቱ ሽበት አብቅሏል። ልጅቷ በጥፍሯ ብትፍቀው ከሥሩ እንደ ቡና አተላ የለሰለሰ አፈር ወጣ፤ ግንዱ ውስጡ አፈር ሆኗል። አጠገቡ ከፍየል የማይለይ ትኩስ በጠጥ አለ፣ ምናልባት የምኒልክ ድኩላ አልፎ ይሆናል። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያውለበለቡ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ጭራሮው እላያችን ላይ ረገፈ። የጥያቄዋ መልስ እዚያው ነበር። የጥዱን ፍሬ ወፍ ይበላና ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥለዋል። የበሰበሰው ግንድ አፈር ይሆናል። አፈሩ የክረምቱን ዝናብ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ በምንጭ ይለቀዋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ችግኝ ጣቢያ የለም።

«ሱባም እኮ የተተከለ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውበታል ይባላል። ጥድ ደግሞ ቶሎ አያድግም፤ ያስተከሉት ንጉሥ ጥላው ሥር አልተቀመጡም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፦ ቢያንስ ከፊሉን ሳይቆርጡ ተዉት።

እንጦጦ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ቤተ መንግሥቱ እላይ ሲሰፍር ምሰሶውም ማገዶውም ከዚያው ተቆረጠ፣ ተራራው ተራቆተ። ከተማው በ1879 ዓ.ም ወደ ታች ወርዶም ማገዶው አልበቃ ብሎ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ያዳነን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን መስደብ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ አልሰድበውም። የኛ ቤት ማገርና ግድግዳ እሱ ነበር። ጎንበስ ብለው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶችም ልጅ ያሳደጉት በሱ ነው። ግን ሥሩን እዩት። ብዙው ቦታ ላይ ከደረቀ ቅጠልና ከተራቆተ አፈር በቀር ምንም የለም። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ያንን አፈር ይዞ ወደ ከተማው ይወርዳል።

በ2013 ዓ.ም የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክም እወደዋለሁ፤ ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ ሳይክል ላይ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ለሰው የተሠራ መናፈሻ ነው፤ ለዚያ ያስፈልገናል። በከተማው ዙሪያ ያለው ዱር ሁሉ እንደዚያ ይሁን ሲባል ግን አልስማማም። ሱባ ውስጥ ያረጀው ጥድ ያለበት ቦታ ተከልሎ ይቀመጥ። ሎጅ አይግባ፣ ስፒከር አይግባ፣ አዲስ መንገድ አይቀደድ። ለዘመቻም ቢሆን ችግኝ አይተከልበት። መጎብኘት የሚፈልግ በእግሩ፣ ባለው መንገድ ይሂድ። ሰበታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናት፤ ቤቱ ወደ ጫካው እየተጠጋ ነው። ወሰኑ አሁን በግልጽ ካልታወቀ ነገ በሊዝ ነው የምንከራከረው።

ጥበቃ ማለት ደግሞ የአንዲት ሴትዮ ሸክም መቀማት ከሆነ አይሠራም። ዙሪያውን የሚኖረው ገበሬ ከዳር ሣር አጭዶ ይውሰድ፣ ቀፎ ይስቀል፣ ጥበቃው ሲቀጠር ልጁ ይቀጠር። ማገዶውን ከግቢው ባሕር ዛፍ እንዲያገኝ ይታገዝ። ጫካው የሱም ኑሮ ከሆነ መጥረቢያ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ዝም አይልም።

ስንመለስ የእህቴ ልጅ ኪሷ ውስጥ የጥድ ፍሬዎች አገኘሁ። ከዱር ምንም አይወሰድም ብዬ ልቆጣት ነበር፣ ተውኩት። በረንዳ ላይ በቲማቲም ጣሳ ቀብራዋለች። ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች። እስካሁን ምንም አልበቀለም።