ሞተሩን አስነስተህ ስማው እንጂ!

ሞተር ሳይክሌን ላሠራ ጋራዥ ብገባ መካኒኩ «ባለቤቱ አንተ ነህ?» አለው። ማንን? ጎማ ሊያስነፋ የመጣውን ልጅ! ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ ሄልሜቱ ክንዴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እየነዳሁ ስገባ በዓይኑ አይቶኛል። ልጁ ራሱ አፍሮ «ኧረ የሷ ነው» አለው። ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ቡና ጠጥቼ እንኳ እስካሁን ደሜ አልበረደም።

ያንቀጠቅጣል አልኩት። 50 ላይ ስደርስ መሪው እጄን ያደነዝዘዋል፣ ከሥር ደግሞ ቅርርር የሚል አለ። ቆሜ ማርሽ ሳላስገባ ነዳጅ ስሰጠውም ያው ነው። ይሄን ሁሉ የነገርኩት እንዲቀለው ነው። ቆሞም ከጮኸ ካቴናው (ሰንሰለቱ) አይደለም፣ የጎማ ኩሽኔታም አይደለም። ፍሪሲዮን ስይዝና ስለቅ ድምፁ ካልተለወጠ ፍሪሲዮኑንም ብዙ አትጠርጥር። ግማሹን ሥራ ሠርቼለት ነው የሄድኩት እኮ!

እሱስ? ሳያስነሳው፣ ሳይጎነበስ፣ እጁን እንኳ ሳያስነካ «ቢዬላ ነው፣ ሞተር ይወርዳል፣ 12,000 ብር ያዢ» አለኝ። ቢዬላ ያለው ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ ነው። «እስኪ መጀመሪያ አስነስተህ ስማው» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ አንቺ ንጂ፣ መስማቱን ለኛ ተዪው።» እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። መቼ ሰማህና ነው የምተውልህ?!

ቢዬላው ያለቀ ሞተር እኮ ያስታውቃል። ከሆዱ ነው ዱብ ዱብ የሚለው፣ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ይብሳል። ከላይ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ በኩል ቲክ ቲክ ካለ ፑንቴሪያ ነው፣ ቫልቮቹን የሚገፋው። ለመለየት ደግሞ ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ እየቀያየርክ ማዳመጥ ነው። ይሄ ምን ያስከፍላል? ሁለት ደቂቃ።

ይኸው ሰውዬ ነው ባለፈው ዘይት ሲቀይር የማፍሰሻውን ቡሎን አለቅጥ አጥብቆ ጥርሱን የበላው። «ድሮም የተበላ ነበር» ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ያኔ ዝም ማለቴ አሁንም ያናድደኛል።

ደግሞ ለመዝናናት የምነዳው የሚመስላቸው አሉ። ከቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ከካሚዮን ጋር እየተጋፋሁ እንቁላል የማመጣው እኔ ነኝ። አንዱ ትሪ 30 ይይዛል። ትናንት ከ5 ትሪ 17 እንቁላል ተሰንጥቆ ቱሉ ዲምቱ ገባሁ። በመንቀጥቀጡ ነው! የኮዬ ፈጬ ደንበኞቼ ስንጥቅ አይወስዱም፣ ለምን ይውሰዱ? ቤት ሁሉም ሰው እንቁላል ፍርፍር ሰልችቶታል።

ማታ በባትሪ ብርሃን ሥሩ ተኛሁ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው የኋላ ቡሎን፣ ዳዶው በጣት ይዞራል። በጣት! የማርሚታው መከለያ ደግሞ አንዱ ብሎኑ ጭራሽ የለም፣ ቅርርር የሚለው እሱ ነው። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ድሮም መንቀጥቀጥ ተፈጥሮው ነው፣ የሰፈራችን ኮብልስቶን ሲጨመርበት ምን ቡሎን ይቆያል? በ14 ቁልፍ አጠበቅኩት፣ መከለያውን በሽቦ አሰርኩት፣ አስነሳሁት። ጸጥ። በአንድ ዳዶ 12,000 ብር ሊበላኝ ነበር።

ሌሊት ላይ ሲበርድ ግን ከላይ ትንሽ ቲክ ቲክ ትሰማኛለች። ፑንቴሪያ መሆን አለባት። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች የቫልቩ ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የሚለካውም ሳይሞቅ ነው። ያ መካኒክ ቢሆን ድምፁ እስኪጠፋ ያጠብቀው ነበር፤ በጣም የጠበቀ ቫልቭ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚቃጠለው።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያላችሁ፣ የፑንቴሪያ መለኪያ ያለው ሰው ካለ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያውሰኝ። 1 ሰዓት ላይ ለእንቁላል እወጣለሁ።