ክብር ለ«ጣት ያህል» ሊቃውንት

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዱ «ወይ ጨጓራዬ!» አለ። አጠገቡ የነበሩት ጋሼ ወዲያው ከኮት ኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ሥር አወጡ። «ከጫካ የመጣ ነው። ጣት ያህል ቀቅለህ ጠጣ።» ስሙን ቢጠይቃቸው ፈገግ አሉ። ስሙ ከተነገረማ ኃይሉ ይጠፋል!

እኚህን ሰው ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ምስጋና ያንሳቸዋል። የዕፅዋት ባለሙያ ምስኪን ነው፤ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን አምጡልኝ ይላል። አድርቆ ከብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ናሙና ጋር ያስተያያል። የኛ ሊቅ ግን የተላጠች ቁራጭ አሽትተው ይጨርሳሉ።

መጠኑስ! «ጣት ያህል።» የማን ጣት? የድንጋይ ጠራቢ ነው የሕፃን? አውራ ጣት ነው ትንሿ? እስከ አንጓ ነው እስከ ጥፍር? ጥፍሯን ያሳደገችስ ትጨምር ወይስ ትቀንስ? ባለ ቀለበቱ አውልቆ ይለካ? እጀ ግዙፍ አባወራ በጣቱ ምክንያት ብቻ የሚስቱን እጥፍ ሊጠጣ ነው። ፋርማሲስቶች በሚሊግራም ሲጨነቁ ይኖራሉ። ሚሊግራም ደግሞ ጥፍር እንኳ የላትም።

«ሲቀቀል መርዙ ይወጣል» ይላሉ። ልክ ነው፤ ወደሚጠጣው ውሃ ይወጣል።

ይሄኛው ግን አያስቅም። ለነፍሰ ጡር የእንዶድ ሥር የሚያዙ አሉ። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ሞተው ያገኟቸው ቀንድ አውጣዎች የሞቱት በእንዶድ ፍሬ ነው። ሥሩም ለሆድ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ጽንስ ሊያስወርድ፣ እናትየዋንም ሊገድል ይችላል። ሲብስባት ደግሞ «ለሐኪሙ እንዳትነግሪ» ትባላለች! ሐኪሙ «የወሰድሽው ነገር አለ?» ሲላት «ምንም»። በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ በውሸት ይባክናል። ነውር ነው! መድኃኒት አዋቂ ነኝ ያለ ሰው ያንን ሥር ይዞ ሆስፒታል መሮጥ ነበረበት፤ እሱ ግን ስልኩን ያጠፋል።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮው አይበቅልም። መድኃኒቱ ሥሩ ስለሆነ፣ ሲቆፈር ተክሉም አብሮ ይሄዳል። ሊቃውንቱ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ በጆንያ ያስቆፍሩታል። ሜዳውም ጫካውም ሲራቆት የሚቀቀል ሥር አይኖርም፤ የሚመረዝም አይኖርም። ለሕዝብ ጤና እንዲህ አርቆ የሚያስብ ሌላ ማን አለን?