የአጥማጅ ሰበብ

ከባሕር ዳርቻ ቆሞ በዘንግ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው በደንብ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ዓሣ ላለመያዝ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ መንጠቆ ሲስል፣ ክር ሲያጠነጥን፣ የክሩን ማስጠሚያ እርሳስ ሲመርጥ ያየው ሰው ይህ ሁሉ ድካም ለዓሣው ይመስለዋል፤ ነገር ግን አብሮ የሚሰነቀው ሰበብ ከዕቃው ሁሉ ይከብዳል። ነፋስ ከነፈሰ ጥፋቱ የነፋሱ ነው፤ ካልነፈሰም ባለመንፈሱ ነው። ውኃው ከጠራ ዓሣው ክሩን አይቶ ይሸሻል፤ ከደፈረሰ ደግሞ ትሉን ሳያይ ያልፋል።

ከሰበቦቹ ሁሉ የከበረችው ጨረቃ ናት። ባሕሩ የሚሞላውና የሚጎድለው በእሷና በፀሐይ ስበት በመሆኑ፣ በአብዛኛው ዳርቻ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ስለዚህም የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ሥራ ቦታው አርፍዶ መግባት ልማዱ የሆነ ሰው ይህችን የጨረቃን መዘግየት ሳያዛንፍ አስልቶ፣ ዶሮ ሳይጮህ አሸዋው ላይ ተገትሮ ይገኛል። የጋብቻውን ቀን በሰው አስታዋሽነት የሚያውቅ ባል፣ ሙሉ ጨረቃ መቼ እንደምትወጣ ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይመልሳል፤ ባሕሩ ከሌላው ጊዜ አብልጦ የሚሞላውና የሚጎድለው በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ነውና። ማታ ባዶ እጁን ሲመለስ ያቺው ጨረቃ ተከሳሽ ሆና ትቀርባለች።

እዚህ ላይ ስለ ዓሣዎቹም መናገር ተገቢ ነው፤ የሚከሰሱበትን ጉዳይ አያውቁምና። ጠፍጣፋው ዓሣ ሲፈለፈል እንደ ማንኛውም ዓሣ አንድ ዓይን በቀኝ፣ አንድ ዓይን በግራ ይኖረዋል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ አንደኛው ዓይን አናቱን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ዓሣው ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ጎኑ ተኝቶ፣ ሁለቱን ዓይኖቹን ወደ ላይ አቅንቶ ይኖራል። ፕሌይስ የሚባለው ዓይኖቹን በቀኝ፣ ተርቦት የሚባለው በግራ ይሰበስባል፤ ፍላውንደር አብዛኛውን ጊዜ ከቀኞች ወገን ቢሆንም የተገላቢጦሽ የሚወጣበትም አይጠፋም። ሚቫርት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1871 «ግማሽ መንገድ ብቻ የተጓዘ ዓይን ምን ይጠቅማል?» በሚል መንፈስ፣ ፍጥረታት በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ እየተለወጡ መጡ የሚለውን ዳርዊንን ሞግቶ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ የቀረ ዓይን ያላቸው የጥንት ዓሣዎች ቅሪት ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ለክርክር መቸኮል እንጂ ለማስረጃ መቸኮል ከጥንትም የለም።

ይህ ዓሣ አሸዋ ተከናንቦ፣ ዓይኖቹን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ ጉልበት በማይሞላ ውኃ ውስጥ ትል ይለቅማል። አጥማጁ ግን ረጅም ዘንግ የገዛው በቅርብ ሊጥል አይደለም። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ይገባና ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ እርሳሱን በዓይን እስከማይታይበት ድረስ ያስወነጭፈዋል፤ ዳር ላይ ያሉት ተመልካቾች «ወይ ጉድ!» ሲሉ ይሰማና ደረቱን ይነፋል። የሚፈልገው ዓሣ በዚያች ሰዓት ከተረከዙ ኋላ ቁርሱን ይበላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ግን ዘንዶው የባሕር አረም ነው፤ እሱንም ቢሆን ከመንጠቆው ሲያላቅቅ «ከባድ ነበር፣ አመለጠኝ» ይላል።

በአጥማጆች መካከል ያለው ጨዋነትም ልዩ ነው። መንገደኛ ቀረብ ብሎ «እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ? ተገኘ?» ሲል፣ ከንጋት ጀምሮ የቆመው ሰው «አይ ልጄ፣ አሁን ገና መድረሴ ነው» ይላል። በባልዲው ውስጥ ዓሣ ካለም በፎጣ ይሸፈናል፤ ጎረቤት አጥማጅ ካየ ዘንጉን ተሸክሞ እየተጠጋ መምጣቱ አይቀርምና።

ባስ የሚባለው ዓሣ ሲመጣ ግን ሁሉም ይለወጣል። ባስ ማዕበል ተሰብሮ አረፋ በሚነሣበት ቦታ የሚያድን፣ ጀርባው እሾህ፣ የስንጥቡ ክዳን ጠርዝ ስለት የሆነ ኩሩ ዓሣ ነው፤ በግድየለሽነት የጨበጠውን እጅ ያደማል። በእንግሊዝ ዳርቻ ከ42 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ባስ ወደ ባሕሩ እንዲመለስ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ የወጣው ዓሣው ሳይራባ እንዳያልቅ ነው፤ የተጠቀመው ግን ወሬኛው ጭምር ነው። ቀድሞ «የታለ ዓሣው?» ሲባል መልስ ያጣ የነበረ ሰው፣ ዛሬ «ሕግ አክብሬ ለቀቅሁት» ብሎ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ፎቶግራፍ ቢጠየቅም አለው፤ ዓሣውን ክንዱ እስኪዝል ድረስ ወደ ካሜራው ዘርግቶት የተነሣው ነው፣ ከዓሣው ኋላ ሰውዬው ራሱ ድንክ መስሎ ይታያል። ሜትር ላይ 38 ሴንቲ ሜትር የነበረው ባስ እራት ሲቀርብ 50 ይገባል፤ ቅዳሜ ወዳጆች ሲሰበሰቡ ደግሞ ሁለት እጅ ተዘርግቶም አይበቃውም። «ይህን የሚያህለውን ነው የለቀቅኸው?» ብሎ በሕጉ የሚያፋጥጠው አንድም ሰው የለም። ከአድማጮቹ መካከል የሚያጠምድ ካለ በአክብሮት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና፣ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ «እሱስ ምን አላት፤ እኔ ያመለጠኝን ብታየው!» ብሎ ወንበሩን ይስባል።