ወለሉ የመምህሩ፣ ጣሪያው የተማሪው

ትልቅ ቤት ለመሥራት ብረት ያስፈልጋል። ብረት ከሌለ ደግሞ ጥሩ ሰበብ።

አሜሪካ ያለው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ትልቅ የቅርጫት ኳስ ጂምናዚየም አማረው። ጊዜው ግን የኮሪያ ጦርነት ነበር። ብረት ጠፍቷል። ያለችውም ለጦሩ ነው የምትሄደው። በዚያ ሰዓት «ልጆቻችን ኳስ ሊጫወቱበት ነው» ብሎ ብረት የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም።

የዩኒቨርሲቲው ሰዎች እንዲህ አላሉም። ሕንፃው ለጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትነትም ይሆናል ብለው ተከራከሩ። ነገሩ እንዳይነቃ ነው መሰለኝ፣ የመሣሪያና የባሩድ ማስቀመጫ ክፍሎችም አብረው ተሠሩ። ብረቱ መጣ። በ1952 ግንባታው ተጀመረ። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። ፎርም ላይ «የተጠየቀበት ምክንያት» የምትል መስመር አለች። እሷ ላይ እውነቱን የሚጽፍ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጂምናዚየሙ ማርች 1 ቀን 1955 ተመረቀ። አለን ፊልድሃውስ ተባለ። ለምርቃቱ የተጠራው ጎረቤቱ የካንሳስ ስቴት ቡድን ነው። 17 ሺህ ሰው በተሰበሰበበት እንግዳው 77 ለ 67 ተሸንፎ ተሸኘ። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት መጥቶ ተገርፎ መመለስ ማለት ይሄ ነው።

የስሙ ጉዳይ ትንሽ ያጨቃጭቃል። ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበርና። ሰውየው በዲሴምበር 1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ውጭው ብርድ ነው፣ ልጆቹ ተሰላችተዋል። 13 ደንቦች ጻፈና የሕንፃውን ተቆጣጣሪ «እስቲ ሁለት ካርቶን ፈልግልኝ» አለው። ካርቶን አልተገኘም። ተቆጣጣሪው የኮክ ፍሬ ማስቀመጫ ሁለት ቅርጫት ይዞ መጣ። ቅርጫቶቹ ጂሙ ውስጥ ባለው ሰገነት ጠርዝ ላይ ተቸነከሩ። ሰገነቱ 10 ጫማ ከፍ ይላል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚንጠራራባት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም የማንም ጥናት ውጤት አይደለችም። የዚያ ሰገነት ከፍታ ናት። ግንበኛው ያን ቀን አንድ ሜትር ቢሰስት ኖሮ እኔም ዘልዬ ኳሷን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ እከት ነበር።

ኔይስሚዝ በ1898 ካንሳስ ገባ። እስከ 1907 ቡድኑን አሠለጠነ። ውጤቱ? 55 ድል፣ 60 ሽንፈት። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ ብቸኛው የወንዶች ቡድን አሠልጣኝ እሱ ነው። አዎ፣ የጨዋታው ፈጣሪ! ቼዝን የፈለሰፈ ሰው ልጁ እያሸነፈው ሲያድር አስቡት። እሱ ግን ግድም አልነበረው። ጨዋታው ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም ባይ ነበር።

ይህንን ምክር ያልሰማው ተማሪው ፎረስት አለን ነው። በወጣትነቱ ቤዝቦል ሲዳኝ ድምፁ መርከቦች በጭጋግ ጊዜ እንደሚነፉት ጥሩምባ ስለነበረ «ፎግ» (ጭጋግ እንደማለት) የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ፎግ ካንሳስን ይዞ 590 ጨዋታ አሸነፈ። ስለዚህ ሕንፃው በእሱ ስም ተጠራ። ለኔይስሚዝስ? ወለሉ ተሰጠው። ሜዳው «ጄምስ ኔይስሚዝ ኮርት» ይባላል። ከደጅ ያለው መንገድም በስሙ ነው። መምህሩ ይረገጣል፣ ተማሪው ከላይ ይታያል። ለነገሩ ኔይስሚዝ ኋላ ላይ ተካሰ። የ13ቱ ደንቦች ዋና ቅጂ በ2010 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጫርቶ፣ አሁን ከጂምናዚየሙ ጎን በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል።

ፎግስ ቢሆን ቤቱን መቼ ጠገበው? ዊልት ቻምበርሌይን የሚባል 2 ሜትር ከ16 የሚረዝም ልጅ አግባብቶ ካንሳስ አስመጣ። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን መሰለፍ አይፈቀድለትም። ልጁ የጀማሪዎቹን ቡድን ይዞ የራሱን የፎግን ዋና ቡድን 81 ለ 71 አሸነፈ። 42ቱን ነጥብ ያገባው እሱ ነው። ፎግ ምራቁን እየዋጠ ዓመቱን ጠበቀ። ዓመቱ ሲደርስ ግን እሱ ሰባ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሕጉ ሕግ ነው፣ ጡረታ ወጣ። ዊልት በዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 52 ነጥብ ሲያገባ አሠልጣኙ ሌላ ሰው ነበር። ሠርቶ ሳይበላ መነሣት ይሏል ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን የወረሱት ተማሪዎቹ ናቸው። ወረፋ ለመያዝ በቡድን በቡድን ሆነው ኮሪደሩ ላይ ይሰፍራሉ። ከቡድኑ አንድ ሰው ሁልጊዜ እዚያ መገኘት አለበት። ስም ሲጠራ ከሌለ ቡድኑ በሙሉ ከወረፋው ይሰረዛል። ባለጋራው ቡድን ሲተዋወቅ ደግሞ ሁሉም ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል። አይጮህም፣ አይሳደብም። ገጽ ይገልጣል። ከዚህ የባሰ ንቀት እኔ አላውቅም። የራሳቸው ልጆች ሲገቡ ያው ጋዜጣ ተበጣጥሶ ወደ ላይ ይበተናል። ጩኸቱ በ2017 ተለክቶ 130.4 ዴሲቤል ሲሆን በጊነስ ተመዘገበ። ጥሩምባው ፎግ ቢሰማ ይኮራ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን ባነሩን ነው። በ1988 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሊጫወት ሲመጣ ተማሪዎች «የምትገቡ ሁሉ ልብ በሉ፣ ከፎግ ተጠንቀቁ» ብለው ጽፈው ሰቀሉ። ጨርቅ አልነበራቸውም። የማደሪያቸውን የሻወር መጋረጃ አውርደው ነው የጻፉበት። ባነሩ ገነነ። ስለ ባነሩ ብዙ ተወርቷል። እኔን ያሳዘነኝ ግን በማግስቱ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳሙናውን ይዞ፣ እያፏጨ ሻወር የገባው ልጅ ነው።